ጋቢያቸውን እስኪያስተካክሉ

ትልቁን ካሜራ ወደ ዓይኔ ሳስጠጋ ፊቴ ይሰወራል። ከፊቴ የቆመው ሰው የሚያየው ጥቁር ሣጥንና ክብ መስተዋት ብቻ ነው። ያን ጊዜ ትከሻው ይስተካከላል፣ አገጩ ቀና ይላል፣ ጨዋታው ይቋረጣል። ትንሿን ስይዝ ግን ከደረቴ ፊት ለፊት ዘርጋ አድርጌ በስክሪኗ ስለማይ ፊቴ አይሸፈንም። ሰውየው እኔን እያየ ያወጋል፣ እጁም ከሥራው አይነሳም።

ወረታ ላይ ፎቶ ቤት ከፍቼ መሥራት ከጀመርሁ ወዲህ ሁለቱን ጎን ለጎን ያዩ ሁሉ "የቱ ይበልጣል?" ይሉኛል። ለረጅም ጊዜ የምመልሰው ስለ ብርሃንና ስለ ሌንስ ነበር። ባለፈው ዓመት ከሱቄ የመጡ አንዲት እናት ናቸው መልሴን ያስቀየሩኝ። ወደ እሳቸው ከመድረሴ በፊት ግን ስለ መሣሪያዎቹ የማውቀውን ልናገር፤ እሱም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም።

ትልቁ የመጀመሪያው ካኖን ፋይቭ ዲ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው። 12.8 ሜጋፒክስል ነው፤ ሌንስ ሳይገጠምለት 810 ግራም ይመዝናል። ቪዲዮ አይቀርጽም፣ የራሱ ፍላሽ የለውም። ያገለገለ ነው የገዛሁት። ትንሿ ሶኒ አርኤክስ 100 ናት፤ የእ.ኤ.አ. 2012 ሥሪት፣ 20 ሜጋፒክስል፣ ከነባትሪዋ 240 ግራም። ኮት ኪስ ውስጥ ትገባለች።

በቁጥር ብቻ ለሚያወዳድር ትንሿ ትበልጣለች። በጥሩ ጥራት ሲታጠብ የካኖኑ ፎቶ 37 በ25 ሴንቲ ሜትር ሲወጣው የሶኒዋ 46 በ31 ይወጣታል። ዋናው ልዩነት ያለው ግን ብርሃን የሚያርፍበት ሴንሰር ስፋት ላይ ነው። የካኖኑ እንደ ድሮው ፊልም 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሶኒዋ 13.2 በ8.8። ሲሰላ ትልቁ የትንሿን ከሰባት እጥፍ በላይ ይሰፋል። የእኛ የፎገራ ገበሬ ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም፤ ሰፊ ማሳና ጠባብ ማሳ አንድ ዝናብ ቢዘንብባቸውም የሚይዙት ውሃ አንድ አይደለም።

ይህ ልዩነት በደንብ የሚታየኝ በጥር ሰርግ ነው። መሽቷል፣ ዳሱ ውስጥ ያለው አንድ አምፖል ብቻ ነው፣ ሙሽሪት ጥግ ላይ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። ካኖኑ ላይ 85 ሚሊ ሜትር ሌንሴን ገጥሜ፣ አይኤስኦውን፣ ማለትም ለብርሃን ያለውን ንቃት፣ 1600 አድርጌ ሳነሳት ጉንጯ ላይ ያለው ወዝ እንኳ አይጠፋም። ከኋላዋ ያለው ሸራና ወንበር ለስልሶ ይደበዝዛል። በዚያው ብርሃን ትንሿ የምታወጣው ፊት ሰም የተቀባ ይመስላል። ከሩቅ ስባ ስታነሳ ሌንሷ ስለሚጠብና ሴንሰሯም ትንሽ ስለሆነ የኋላው ጄሪካን ከሙሽሪት እኩል ጎልቶ ይወጣል። የሰርግ ደንበኛ ይህን አይወድም፤ እኔም አልወድለትም።

ቀን ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ፎገራ ሜዳ ነው። በእኩለ ቀን ፀሐይ ነጭ ነጠላ የለበሱ ሴቶች ውሃ በተኛበት ማሳ ዳር ሲቆሙ ብርሃኑ ከላይም ከታችም ይመታል። ካሜራው ነጠላውን አይቶ "ብርሃኑ በዛ" ብሎ ይቀንሳል፤ ፊታቸው ይጠቁራል። ፊቱን ለማውጣት ብርሃን ስጨምር ደግሞ ነጠላው ነዶ ጥለቱ ይጠፋል። ስለዚህ ነጠላውን አተርፍና ፊቱን በኋላ በኮምፒውተር ከጥላ አወጣዋለሁ። እዚህ ላይ አዲስ መሆኗ ትንሿን ጠቅሟታል፤ በዝቅተኛ አይኤስኦ ካነሳሁ ከጥላ ውስጥ የማወጣው ፊት ንጹሕ ነው። አሮጌው ካኖን ላይ ጥላውን ከመጠን በላይ ካነሳሁት ጥቁሩ ቦታ ላይ መስመር መስመር የሠራ ጭረት ብቅ ይላል። ጠቆር ያለ ፊትና ነጭ ልብስ በአንድ ፎቶ ውስጥ የዘወትር ሥራችን በሆነበት አገር ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። ፋብሪካዎቹ ስለ ሜጋፒክስል ሲያወሩ እኔ የምፈልገው ይህን ነው፤ የአንዲት እናት ፊትና የነጠላዋ ጥለት አብረው እንዲወጡልኝ።

መብራት ሲጠፋም ትንሿ ታግዘኛለች፤ በዩኤስቢ ገመድ ከፓወር ባንክ ትሞላለች። የካኖኑ ባትሪ ግድግዳ ላይ የሚሰካ ቻርጀር ይፈልጋል፤ ከሞላ ግን አንድ ሰርግ ይወጣበታል። የካኖኑ ሜሞሪ ኮምፓክት ፍላሽ የሚባለው ሰፊው ዓይነት ስለሆነ አንዱ ቢበላሽ ምትኩን ማግኘት ቀላል አይደለም። አቧራ ሁለቱንም ይጎዳል። የካኖኑ ሴንሰር ራሱን ስለማያጸዳ፣ ባሕር ዳርና ጎንደር የሚያገናኘው መንገድ ወደ ደብረ ታቦር በሚገነጠልበት በእኛ ከተማ በጋውን ሌንስ ስቀያይር ከርሜ ሰማዩ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አገኛለሁ። ትንሿን ደግሞ ሩዝ አውድማ ላይ ሲዘራ ነፋስ ፊት ከፍቻት የሌንሷ አንገት መሐል ገለባ ገብቶ አልዘጋ ብላኛለች። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ለነፋሱ ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የምከፍታት።

ማሳ ውስጥ ግን ትንሿን የሚተካልኝ የለም። ሩዝ ወደ ፎገራ በ1970ዎቹ በእኛ አቆጣጠር ገብቶ፣ በጅግናና በሻጋ የገበሬ ማኅበራት ተሞክሮ፣ ዛሬ ሜዳውን ሞልቶታል። ከሰሜን ኮሪያ የመጣው ዝርያ እስከ ዛሬ የሚጠራው በዚያው ቀበሌ ስም ነው፤ ኤክስ ጅግና። ነሐሴ ላይ አረም የሚያርሙት ሰዎች ተደርድረው፣ ጎንበስ ብለው፣ እግራቸው ጭቃ ውስጥ ሰምጦ ነው። እኔም አብሬያቸው እገባለሁ፣ ትንሿን በፌስታል ጠቅልዬ። ከውሃው አንድ ስንዝር ከፍ አድርጌ ስይዛት ከፊት ያለው ጭቃማ እጅና ከዳር ያለው የመጨረሻው ሰው እኩል ጠርተው ይወጣሉ። ሰርግ ላይ ያማረርሁባት ጠባይዋ እዚህ በረከት ነው። ስክሪኗ ስለማይታጠፍ፣ የዓይን መስኮትም ስለሌላት ብዙውን ጊዜ በግምት ነው የማነሳው። ድምፅዋም አይሰማም፤ ካኖኑ ግን በውስጡ ያለው መስተዋት ሲነሳና ሲወድቅ "ቻክ" ስለሚል በቅዳሴ ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይዤው አልገባም።

ይህን ሁሉ ሳይ በልቤ አንድ ፍርድ ሰጥቼ ኖርሁ። ካኖኑ የሚያነሳው ሰው የተዘጋጀውን ነው፣ እውነተኛው ሰው ትንሿ ያየችው ነው እል ነበር። የሱቄ ግድግዳም ያንኑ ይናገር ነበር። ከሁሉም በላይ የምወደው የአንድ አዛውንት ፎቶ ነበር። አውድማ ላይ መንሽ ይዘው፣ ጢማቸው ገለባ ለብሶ፣ አንድ ጎረምሳ በተናገረው ነገር አፋቸውን ከፍተው ሲስቁ። በትንሿ ነው ያነሳኋቸው፣ አላወቁም። መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ያየው ነበር።

ባለቤታቸው የመጡት እኒህ አባት ባረፉ በሠላሳኛው ቀን ገደማ ነው። ከልጃቸው ጋር ነበሩ። ለአርባው በፍሬም የሚሆን ትልቅ ፎቶ ፈለጉ። ሐዘኔን ገልጬ አስቀመጥኋቸውና ግድግዳው ላይ ያለውን አወረድሁ። መልሱ እሱ እንደሚሆን ጥርጥር አልነበረኝም። እሳቸው ፎቶውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ረጅም ጊዜ አዩት፤ ፈገግም አሉ።

"እሱስ እሱ ነው" አሉ። "ሌላ የለህም ልጄ?"

ነበረኝ። የልጃቸው ሰርግ ዕለት በካኖኑ ያነሳሁት፣ ከዳሱ አጠገብ፣ ብቻቸውን የቆሙበት። አስታውሳለሁ፣ ካሜራውን ሳነሳ "ቆይ" ብለው እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙኝ። ዱላቸውን ለልጁ አቀበሉ፣ ጋቢያቸውን አወለቁ፣ አራገፉ፣ መልሰው አጣፉት፣ ዱላቸውን ተቀበሉና ቀጥ አሉ። እኔ ያን ፎቶ ለቤተሰቡ ሰጥቼ ረስቼው ነበር፤ ደረቅ መስሎኝ። ኮምፒውተሩ ላይ ከፈትሁት።

እማማ ወንበራቸውን ስበው ተጠጉ። አጎላሁላቸው። የጋቢው ድርና ማግ አንድ በአንድ ይታያል፤ አንዳንዱ ክር ወፈር፣ አንዳንዱ ቀጠን ይላል። ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉ።

"ይሄ የእኔ ፈትል ነው" አሉ። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና ደግሞ፣ "ያኛው ላይ ማንም እንዳየው አያውቅም። እዚህ ላይ ለእኛ ብሎ ነው የቆመው።"

ልጃቸው የአውድማውን ወዶ ነበር፤ አልተከራከራቸውም። እኔም እሺ አልሁ። ከሄዱ በኋላ ግን ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጌ ሱቄ እስኪዘጋ ድረስ አየኋቸው። ክሩን ትንሿም ታወጣው ነበር፤ ያን ያህል ብርሃን ነበረ። አውድማው ላይ ክሩ የሌለው እሳቸው ጋቢ ስላልለበሱ ነው። ሰርጉ ላይ ጋቢው እንደዚያ ሆኖ የታየው ደግሞ አንድ ከባድ ነገር ፊታቸው ሲነሳ አይተው፣ "ይሄ የሚቀር ነው" ብለው ስለተዘጋጁ ነው። ዝግጅቱን ማስመሰል ብዬ ስጠራው የኖርሁት እኔ ነኝ። ሰው ራሱን እንዴት አድርጎ ለልጆቹ ሊተው እንደሚፈልግ መምረጡ ከሳቁ ያነሰ እውነት የሚሆነው በምን ሒሳብ እንደሆነ ዛሬ ብጠየቅ መልስ የለኝም።

በዚያ ሰሞን ሌላም ነገር ትዝ አለኝ። ፎገራ የርብና የጉማራ ወንዞች ክረምት ላይ የሚተኙበት አገር ነው፤ የነሐሴ 1998 ዓ.ም. ጎርፍን የማያስታውስ የለም። ውሃ ቤት ሲገባ ከሚበላሹት ነገሮች አንዱ የፎቶ አልበም ነው። እርስ በርሳቸው የተጣበቁ፣ ጠርዛቸው የተላጠ ፎቶዎች ይዘው የሚመጡ ደንበኞች አሉኝ። እየላቀቅሁ፣ እያደረቅሁ፣ ካኖኑን ትራይፖድ ላይ ወደታች አዙሬ ፎቶን ከፎቶ አነሳለሁ። ስንቱን እንደዚያ አድኛለሁ፣ ከሁሉም ውስጥ ሳያውቅ የተነሳ ሰው ያየሁበት ጊዜ በጣም ጥቂት ነው። ወታደሩ ቀጥ ብሎ፣ ሙሽራው እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ሁለት ጓደኛሞች ትከሻ ለትከሻ ሆነው። ከአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ከአርመናዊው ቦያጂያን ዘመን ጀምሮ ካሜራ ፊት ረግቶ መቆም ግድ ነበር፤ መሣሪያው ዝግ ያለ ነበረና። ቤተሰብ በውሃ የራሰውን ወረቀት ፀሐይ ላይ አስጥቶ፣ በፌስታል ቋጥሮ ከእኔ ዘንድ የሚያመጣው እነዚያን ረግተው የቆሙትን ነው።

የትንሿን ሥራ አላቆምሁም። ኅዳር ላይ አጨዳው ሲጀመር እንደ ድሮው ኪሴ ውስጥ ይዣት እወርዳለሁ። ካኖኑንም አሁን በቦርሳ እይዘዋለሁ፤ ትከሻ ቢቆርጥም። ዘንድሮ ወደ ርብ በኩል ካሉት ማሳዎች አንዱ ላይ ማጭድ ይዘው ሲያጭዱ ያገኘኋቸውን አንድ አባት በትንሿ ደጋግሜ አነሳኋቸው፤ እያወጋን፣ ስለ ወፍና ስለ ጭድ ዋጋ። ሲጨርሱ ቦርሳዬን ከፈትሁና፣

"አባቴ፣ አሁን ደግሞ ይቁሙልኝ" አልኋቸው።

ካኖኑን አዩት። ራሳቸውን አዩ፤ ቁምጣቸውን፣ የጭቃ እግራቸውን። "እንዲህ ሆኜማ አይሆንም። ጠብቀኝ" ብለው ወደ ቤት ሄዱ።

ዛፍ ሥር ተቀመጥሁ። ፀሐይዋ እየወረደች ነበር፤ ነዶው ላይ ያለው ብርሃን ከቢጫ ወደ ቀይ ሄደ። በየጥቂቱ ደቂቃ አይኤስኦውን ከፍ አደረግሁት፣ 400፣ 800። ግማሽ ሰዓት አለፈ። 1600 ላይ ስደርስ የግቢያቸው በር ተከፈተ። እግራቸውን ታጥበዋል፣ ነጭ ጋቢ አጣፍተዋል። ከኋላቸው ባለቤታቸው ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ ከእሳቸው ኋላ አንዲት ትንሽ ልጅ ጠጉሯ በውሃ ርሶ እየተንጠባጠበ ተከተሉ።

መጥተው ከክምሩ ፊት ቆሙ። ልጅቱን መሐላቸው አደረጓት። አዛውንቱ የጋቢያቸውን ጫፍ ሳብ አድርገው ትከሻቸው ላይ ጣሉና ቀና አሉ።

"በል አሁን አንሳን" አሉኝ።