ቁልፉ በማን ኪስ ነው?

በቅርቡ ሁለት ትምህርት ቤቶች ያደረጉትን የእግር ኳስ ግጥሚያ ለማየት ሄደን ነበር። ሳይከፍል ሾልኮ የሚገባ እንዳይኖር ሲባል ሰፊው በር በሰንሰለት ታስሮ፣ ተመልካቹ ሁሉ በጠባቧ በር ይጋፋል። ከዕረፍት በኋላ የአንድ ተጫዋች እግር ተሰበረና ወደ ሐኪም ቤት የሚወስደው መኪና እንዲገባ ቁልፉ ተፈለገ፤ ዘበኛው ግን ቡና ሊጠጣ ሄዷል! ልጁ ሩብ ሰዓት ያህል ሣር ላይ ተኝቶ ጠበቀ።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1985 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በብራድፎርድ ከተማ ከእንጨት የተሠራው የተመልካቾች መቀመጫ በእሳት ሲያያዝ፣ ወደ ሜዳው የዘለሉት ብዙዎቹ ዳኑ፤ ወደ ኋላ የሮጡት ግን በሩን ተቆልፎ አገኙት። 56 ሰዎች አለቁ። በ2001 ዓ.ም. በጋና ዋና ከተማ በአክራም ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ሲተኩስ የሸሸውን ሕዝብ የተዘጋ በር ጠበቀው፤ የሞቱት ከ120 ይበልጣሉ።

የተማሪ ጨዋታ ያን ያህል ሰው አይሰበስብም የሚሉን ይኖራሉ። እኛ ያየናት ጠባብ በር ግን ለ300 ሰው እንኳ የምትበቃ አይደለችም። ከመጀመሪያው ፊሽካ እስከ መጨረሻው ተመልካች መውጫ ድረስ በየበሩ ቁልፍ የያዘ ሰው ማቆም ይህን ያህል ያስቸግራልን?

የመግቢያው ገቢ ስንት እንደ ሆነ ብንጠይቅ፣ «አንድ ኳስ እንኳ አይገዛም» አሉን።