ኮርድ ፈላጊው ሶፍትዌርና ቅኝቶቻችን

ኮርድ ፈላጊ ሶፍትዌር ድምፆችን በቁጥር ይዞ የትኞቹ አብረው እንደሚሰሙ ለዜማ ደራሲ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። አንዱ ዓይነት በተመረጠ ስኬል ውስጥ የሚገኙትን ኮርዶች ይዘረዝራል፤ ሌላው የተቀዳ ዘፈን ሰምቶ ኮርዱን ያወጣል።

የመጀመሪያው ሥራ ተራ ሒሳብ ነው። በኪቦርድ ላይ ከአንዱ ዶ እስከሚቀጥለው ዶ 12 ግማሽ ድምፅ አለ፤ ፕሮግራሙ ከ0 እስከ 11 ይቆጥራቸዋል። ለእሱ ማጀር ኮርድ ማለት 0፣ 4 እና 7 ነው፤ ማይነር ደግሞ 0፣ 3 እና 7። ዶ ማጀር ስኬል ሲመረጥለት ሰባቱን ድምፆች ተራ በተራ መነሻ እያደረገ፣ አንድ እየዘለለ ሁለት ድምፅ ይደርብባቸዋል። ሦስት ማጀር፣ ሦስት ማይነርና አንድ ዲሚኒሽድ ይወጣል። ይህን ማንኛውም የሙዚቃ ተማሪ በወረቀት ይሠራዋል፤ ሶፍትዌሩ የሚያተርፈው ጊዜ ነው፣ ወዲያው ማሰማቱም ቀላል ጥቅም አይደለም። ስኬለርና ካፕቴን ኮርድስ በዚህ መንገድ ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የሙዚቃ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ኤብልተን ላይቭ 12 የስኬል ምርጫውን ከራሱ ከፕሮግራሙ ጋር አዋህዶታል። ሁክፓድ የተባለውን ፕሮግራም ያዘጋጀው ሁክቲዮሪ ደግሞ በብዙ ዘፈኖች ውስጥ ከየትኛው ኮርድ ቀጥሎ የትኛው እንደሚመጣ ያሳያል። ዘፈኖቹ በአብዛኛው የምዕራቡ ዓለም ፖፕ ስለሆኑ ጥቆማውም ወደዚያው ያዘነብላል።

ከተቀዳ ድምፅ ኮርድ ማውጣት ግን ይከብዳል። ታኩያ ፉጂሺማ እ.ኤ.አ. በ1999 ያቀረበው ዘዴ የብዙዎቹ መሠረት ነው፤ ድምፁ በፍሪኩዌንሲ ይተነተናል፣ ወፍራሙም ቀጭኑም ዶ በአንድ ቋት ይደመራል፣ የተገኙት 12 ቋቶች ከታወቁ ኮርዶች ጋር ይነጻጸራሉ። ስሕተቱም የሚገባው እዚሁ ነው። አንድ የክራር ክር ብቻውን ሲመታ፣ ከዋናው ድምፅ በላይ ሌሎች ስስ ድምፆች አብረውት ይርገበገባሉ። ክሩ ዶ ከሆነ፣ ዋናው ድምፅ አንደኛ ተብሎ ሲቆጠር ሦስተኛው ሶል፣ አምስተኛው ሚ ነው። ስለዚህ ማንም ኮርድ ሳይመታ ፕሮግራሙ ዶ ማጀር የሰማ ሊመስለው ይችላል።

ነገሩ ይበልጥ የሚወሳሰበው ወደ ቅኝት ሲመጣ ነው። በዶ የተቃኘ ትዝታ ማጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል እና ላ ነው። ከእነዚህ አምስት ድምፆች የሚወጡት ማጀርና ማይነር ኮርዶች ዶ ማጀርና ላ ማይነር ብቻ ናቸው። እነዚሁ ድምፆች መነሻቸው ላ ሲሆን ባቲ ማይነር ይሆናሉ። ፕሮግራሙ ድምፆቹን እንጂ የዜማውን ማረፊያ አያይምና የትኛው እንደሆነ ሊነግረው የሚችለው ደራሲው ነው።

አምባሰል ላይ ጉዳቱ ጎልቶ ይታያል። በዶ ሲቃኝ ድምፆቹ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል እና ላ ፍላት ናቸው። ሚ የለም፣ ሚ ፍላትም የለም፤ ስለዚህ በማረፊያው በዶ ላይ ማጀርም ማይነርም አይሠራም። የሚወጡት ፋ ማይነርና ሬ ፍላት ማጀር ናቸው። ይባስ ብሎ አምስቱ ድምፆች በፋ ከተቃኘ ትዝታ ማይነር ጋር አንድ ናቸው። ፕሮግራሙ «ፋ ማይነር» ብሎ ሲጽፍ በሒሳቡ አልተሳሳተም። አቀናባሪው ግን ያንን አምኖ ቤዙን ፋ ላይ ካሳረፈው፣ አምባሰሉ በእጁ ላይ ትዝታ ሆኖ ይቀራል። መፍትሔው መነሻውን ዶ ላይ መቆለፍና ከኮርዱ ሦስተኛውን ድምፅ መተው ነው፤ ዶና ሶል ብቻ፣ ወይም ዶ፣ ፋ እና ሶል። ይህን ሁለተኛውን ፕሮግራሞቹ ሰስ 4 ይሉታል፤ አምባሰልን ሳይነካ ክብደት ይሰጠዋል።

አንቺሆዬ ይህንንም ይነፍጋል። ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት እና ላ ስለሆነ ሶል ራሱ የለበትም። ፕሮግራሙ ፋ ማጀርንና በግማሽ ድምፅ ከፍ ያለውን ፋ ሻርፕ (ማለትም ሶል ፍላት) ማይነርን ጎን ለጎን ያቀርባል፤ ሁለቱ በአንድ የተለመደ ማጀር ስኬል ውስጥ አይገናኙም። እንደ ስሕተት ቆጥሮ ከማለፍ በፊት አንዴ መስማት ይበጃል። ደግሞም ደራሲው በአምስቱ ድምፆች የመታጠር ግዴታ የለበትም። ሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ ጃዝን ሲፈጥር የቅኝቱን ዜማ ይዞ ሃርመኒውን ከ12ቱ ድምፆች ነው የወሰደው።

ሌላው ጉዳይ ቃናው ነው። ኪቦርድ ኦክታቩን፣ ማለትም ከዶ እስከ ዶ ያለውን ርቀት፣ እኩል ይከፍላል፤ ማሲንቆና ክራር የሚቃኙት ግን በጆሮ ነው፣ የሚዘፈነው ድምፅም በሁለት ቁልፎች መካከል ሊወድቅ ይችላል። ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ነው። ኤብልተን ላይቭ 12ን የመሰሉ ፕሮግራሞች እያንዳንዱን ድምፅ በሴንት ከፍና ዝቅ ለማድረግ ይፈቅዳሉ።

ቅኝቶቹ በስማቸው ከሌሉ፣ ደራሲው የራሱን ስኬል በሚቀበል ፕሮግራም ውስጥ በግማሽ ድምፅ ርቀት ያስገባቸዋል፦ ትዝታ ማጀር 2-2-3-2-3፣ ትዝታ ማይነር 2-1-4-1-4፣ አምባሰል 1-4-2-1-4፣ አንቺሆዬ 1-4-1-3-3። ድምሩ 12 ካልመጣ አንዱ ቁጥር ተሳስቷል።