የኢሜይል መልስ ጥያቄውን እንዴት ያገኘዋል?

እንጅባራ ሲመሽ ብርዱ ሰውን ቤት ይሰበስባል። ቅቅል ድንች ከብበን ተቀምጠን ሳለ የወንድሜ ልጅ ስልኳን ገፋ አደረገችልኝ። የመመረቂያ ጽሑፏን አምስት ጊዜ እያረመች ለአማካሪዋ ልካለች፤ እሳቸው ግን «ቀደም ብዬ የሰጠሁሽ አስተያየት የታለ?» ብለው ጽፈውላታል። ሳየው አምስቱንም የላከችው እንደ አዲስ መልእክት ነው። አማካሪዋ ዘንድ የደረሱት ዝምድና የሌላቸው አምስት ደብዳቤዎች ሆነው ነው።

«የሁሉም ርዕስ 'ማስተካከያ' ነው እኮ! ኢሜይሉ ለምን አንድ ላይ አላደረጋቸውም?» አለች።

ነገሩ ቀድሞ የገባቸው አክስቴ ናቸው። ዳንግላ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ብዙ ዓመት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዳንግላ ወደ እንጅባራ የሚሄድ ደብዳቤ ወጪ ሲደረግ ቁጥርና ቀን ይጻፍበታል። መልሱ ሲመጣ ከ«ጉዳዩ» ሥር «በቁጥር 214 በተጻፈ ደብዳቤ እንደጠየቃችሁን» ብሎ ይጀምራል። አክስቴ ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው ማንበብ አያስፈልጋቸውም ነበር፤ ቁጥሯን አይተው ፋይሉን ከመደርደሪያው ያወጣሉ። «የምርጥ ዘር ጥያቄን ይመለከታል» የሚል ደብዳቤ በዓመት ስንቴ ይመጣል! በጉዳዩ ብቻ ቢሄዱ የአንዱ ቀበሌ ወረቀት ሌላው ፋይል ውስጥ በገባ ነበር።

ኢሜይልም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። እያንዳንዱ መልእክት ሲላክ ሜሴጅ አይዲ የሚባል የራሱ መለያ ይሰጠዋል። ጂሜይልን በኮምፒውተር ከፍታችሁ፣ መልእክቱ ጎን ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጭናችሁ የመልእክቱን ዋና ቅጂ የሚያሳየውን ምርጫ ብትነኩ ታዩታላችሁ፤ ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ነው፣ መሐሉ ላይ ኢሜይል አድራሻ ላይ የምናውቀው የ«አት» ምልክት አለ። «መልስ» የሚለውን ስንጫን ደግሞ ለዓይን የማይታዩ ሁለት መስመሮች ይጨመራሉ። ኢን ሪፕላይ ቱ የምንመልስለትን መልእክት መለያ ይይዛል። ሪፈረንስስ ደግሞ ከመጀመሪያው መልእክት ጀምሮ ያሉትን መለያዎች በተራ ይደረድራል። መስመሮቹ አዲስ አይደሉም፤ እ.ኤ.አ. በ1982 በወጣው አርኤፍሲ 822 በተባለው የኢሜይል ደንብ ውስጥ ሰፍረዋል።

ከመሐል አንድ መልእክት ቢጠፋስ? እኔን በጣም የሚያስደስተኝ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ለኔትስኬፕ የኢሜይል ፕሮግራም የሠራው ጄሚ ዛዊንስኪ ባበጀው ዘዴ፣ ፕሮግራሙ ሪፈረንስስ ላይ የተጠቀሰ ግን ያልደረሰ መልእክት ሲያገኝ ባዶ ቦታ ይይዝለታል፤ መልሶቹንም በዚያ ሥር ያስቀምጣቸዋል። መልእክቱ ዘግይቶ ከደረሰ ቦታው ይጠብቀዋል። አክስቴ ይህን ሲሰሙ ፈገግ አሉ። ደብዳቤ ከፋይል ለሥራ ሲወጣ እሳቸውም በቦታው ቁጥሩ የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ያስገቡ ነበር።

አንዳንድ ፕሮግራሞች መለያ ሲያጡ ርዕስ አይተው ይገምታሉ። እኔ ግምቱን አላምነውም፤ «ማስተካከያ» ብሎ የማይልክ ተማሪ የት አለ? እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን 2004 ሥራ የጀመረውና መልእክትንና መልሶቹን እንደ አንድ ንግግር መደርደርን ለብዙ ሰው ያስለመደው ጂሜይል ርዕስን የሚጠቀምበት ለመለየትም ጭምር ነው፦ በመልሳችሁ ላይ ርዕሱን ከለወጣችሁ ሌላ ንግግር ይከፍታል። መልእክቶቹ ከ100 ካለፉም እንዲሁ።

ልጅቷ የአማካሪዋን የመጨረሻ መልእክት ከፈተች፣ «መልስ» የሚለውን ተጫነች፣ ስድስተኛውን እርማት አያይዛ ላከች። አክስቴ መነጽራቸውን አድርገው ጠጋ አሉ፤ «ቁጥሩን ይዟል?» ኮምፒውተሬን ከፍተን የተላከውን አየነው። በሪፈረንስስ መስመር መጨረሻ ላይ የአማካሪዋ መልእክት መለያ ተቀምጧል። አክስቴ በጣታቸው እየተከተሉ ፊደል በፊደል አመሳከሩት።