ኮርስ የሚመደበው በይዘቱ ነው፦ የሳይንስ ጂፒኤ በአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች

በአሜሪካ ለሕክምና ትምህርት ቤት የሚያመለክት ተማሪ ከአንድ በላይ ጂፒኤ ይሰላለታል። ጠቅላላው በኮሌጅ የወሰዳቸውን ኮርሶች ሁሉ ይይዛል፤ የሳይንስ ጂፒኤ የሚባለው ደግሞ የተወሰኑ የሳይንስ ኮርሶችን ብቻ ለይቶ ያሰላል። የትኛው ኮርስ ከየትኛው ወገን እንደሚገባ መለየት የአመልካቹ የመጀመሪያ ሥራ ነው።

በኢትዮጵያ አብዛኛው ተማሪ የመጀመሪያ ዲግሪ ሳይዝ ሕክምና መማር ይጀምራል። በአሜሪካ ግን ብዙውን ጊዜ የአራት ዓመት ኮሌጅ መጨረስ ይቀድማል። በእነዚያ ዓመታት ተማሪው ታሪክም፣ ሙዚቃም፣ ምህንድስናም ሊያጠና ይችላል፤ መሠረታዊ የሳይንስ ኮርሶችን ግን መውሰድ አለበት። የሙዚቃ ተማሪውንና የባዮሎጂ ተማሪውን በሳይንስ ችሎታቸው ለማነጻጸር ለቅበላ ኮሚቴዎች አንዱ መለኪያ የሳይንስ ጂፒኤ ነው።

የኤም.ዲ. ዲግሪ የሚሰጡት ትምህርት ቤቶች አብዛኞቹ ማመልከቻ የሚቀበሉት አምካስ በተባለው ማዕከላዊ አገልግሎት በኩል ነው። አገልግሎቱን የሚመራው በ1876 የተቋቋመው የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር ነው። አመልካቹ ትራንስክሪፕቱን ከፊቱ አስቀምጦ የእያንዳንዱን ኮርስ ስም፣ ክሬዲትና ግሬድ ያስገባል፤ ምድቡንም ይመርጣል። ከዚያ የአገልግሎቱ ሠራተኞች ከኮሌጁ ከተላከው ትራንስክሪፕት ጋር ያመሳክሩታል።

በሳይንስ ጂፒኤ የሚቆጠሩት አራት ምድቦች ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስና ሒሳብ ናቸው። አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂ፣ ጄኔቲክስ፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ ኢሚዩኖሎጂ፣ ኒውሮሳይንስ፣ ኢኮሎጂና የዕፅዋት ጥናት ባዮሎጂ ውስጥ ይገባሉ። ባዮኬሚስትሪ ከኬሚስትሪ፣ የሥነ ፈለክ ጥናት ከፊዚክስ፣ ስታቲስቲክስና ባዮስታቲስቲክስ ደግሞ ከሒሳብ ጋር ይመደባሉ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ሳይንስ የሚመስል ሁሉ ይቆጠራል ብለው ሲያስቡ ነው። ሳይኮሎጂ፣ ሶሲዮሎጂና አንትሮፖሎጂ የማኅበራዊ ሳይንስ ምድብ ናቸው። ነርሲንግ፣ ሥነ ምግብ፣ ፋርማኮሎጂና የሕዝብ ጤና የራሳቸው የጤና ሳይንስ ምድብ አላቸው። ምህንድስና፣ ኮምፒውተር ሳይንስና ጂኦሎጂም እንዲሁ ከአራቱ ውጭ ናቸው። የእነዚህ ሁሉ ግሬድ በጠቅላላው ጂፒኤ ይቆጠራል፤ በሳይንሱ ግን አይቆጠርም።

ዋናው ደንብ ኮርሱ የሚመደበው በዋና ይዘቱ መሆኑ ነው። የትኛው የትምህርት ክፍል እንደሰጠው ወይም ከስሙ ፊት ምን ዓይነት ኮድ እንዳለ አይወስነውም። በሳይኮሎጂ ክፍል የሚሰጥ ስታቲስቲክስ የሚያስተምረው ስታቲስቲክስ ስለሆነ ምድቡ ሒሳብ ነው። በአንጻሩ በባዮሎጂ ክፍል ተሰጥቶ አብዛኛው ይዘቱ ስለ ሕክምና ሥነ ምግባር የሚያወራ ኮርስ ባዮሎጂ ሊባል አይገባውም። አጠራጣሪ ሲሆን መፍትሔው ስሙን ትቶ በኮሌጁ ካታሎግ ላይ የታተመውን የኮርስ መግለጫ ማንበብ፣ የየሳምንቱን ርዕሶች መቁጠርና ሚዛኑ ወዴት እንደሚያደላ ማየት ነው።

ምድብ ውጤትን ምን ያህል እንደሚለውጥ በስሌት ይታያል። አንድ ተማሪ በአራት ክሬዲት ባዮሎጂ ቢ፣ በአራት ክሬዲት ኬሚስትሪ ኤ ማይነስ አገኘ እንበል። ቢ 3.0፣ ኤ ማይነስ 3.7 ስለሆነ 12 እና 14.8 ተደምሮ 26.8 ይሆናል፤ ለስምንት ሲካፈል 3.35 ይመጣል። ይኸው ተማሪ በሳይኮሎጂ ክፍል በወሰደው የሦስት ክሬዲት ስታቲስቲክስ ኤ ካገኘና ኮርሱ ከሒሳብ ከተመደበ ድምሩ 38.8 ለ11፣ ማለትም 3.53 ይሆናል። ያገኘው ሲ ቢሆን ኖሮ ግን ወደ 2.98 ይወርድ ነበር። ደንቡ ለሁለቱም አንድ ነው፤ ጥሩ ግሬድ የተገኘበትን ሳይንስ፣ ያልተገኘበትን ሌላ ብሎ መመደብ አይፈቀድም። ሠራተኞቹ ስህተት ሲያገኙ ምድቡን ይለውጣሉ፤ አመልካቹም ካልተስማማ የኮርሱን መግለጫ ይዞ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ማስተካከያ መጠየቅ ይችላል።

ሌሎች የማመልከቻ አገልግሎቶች የተለየ ስሌት አላቸው። አኮማስ የሚባለው የኦስቲዮፓቲ ሕክምና ትምህርት ቤቶች አገልግሎት ሒሳብን በሳይንስ ጂፒኤ አያስገባም። አብዛኞቹ የቴክሳስ ትምህርት ቤቶች የሚጠቀሙበት አገልግሎት ደግሞ ፕላስና ማይነስ አይቆጥርም፤ ኤ ማይነስ እንደ ኤ ይያዛል። ከላይ በተጠቀሱት ሁለት ኮርሶች 3.35 የነበረው ውጤት በዚያ 3.5 ይሆናል። ስለዚህ አመልካቹ ለእያንዳንዱ አገልግሎት የራሱን መመሪያ ከፍቶ እንደገና ማስላት አለበት።

ስሌቱን የሚነኩ ሌሎች ደንቦችም አሉ። በአምካስ አንድ ኮርስ ሁለት ጊዜ ከተወሰደ፣ ኮሌጁ የመጀመሪያውን ግሬድ ቢሰርዘውም ሁለቱም ይቆጠራሉ። ያለ ግሬድ በማለፍና በመውደቅ ብቻ የተመዘገበ ኮርስ ጂፒኤ ውስጥ አይገባም። የኳርተር ክሬዲት በሁለት ሦስተኛ ተባዝቶ ወደ ሴሚስተር ክሬዲት ይለወጣል። ከዲግሪ በኋላ የተወሰዱ የመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ ኮርሶች ከመጀመሪያ ዲግሪው ጂፒኤ ጋር ሲደመሩ የማስተርስ ኮርሶች ለብቻ ይሰላሉ።

በአሜሪካ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሁለት ነጥቦች ልዩ ትኩረት ይሻሉ። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ የተወሰዱ ኮርሶች በማመልከቻው ይዘረዘራሉ እንጂ ግሬዳቸው በአምካስ ጂፒኤ አይሰላም። በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የተወሰደ ኮርስ ግን ወደ ዩኒቨርሲቲ ከመዛወር በፊት የተወሰደ ቢሆንም ሙሉ በሙሉ ይቆጠራል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሮ የየኮርሱን መግለጫና ሲላበስ ማስቀመጥ ይጠቅማል፤ ከዓመታት በኋላ የምድብ ጥያቄ ሲነሳ ማስረጃ የሚሆነው እሱ ነው።