ለታመመ ጨጓራ የሚፈቀደው መብል

ጨጓራው የታመመ ሰው የትኛውን መብል ትቶ የትኛውን ሊበላ ይገባዋል የሚለው ጥያቄ በብዙ ቤት ባልንና ሚስትን የሚያከራክር፤ ጎረቤትንም ሁሉ ሐኪም የሚያደርግ ነገር ስለ ሆነ፤ ዛሬ በዚህ ገጽ ስለ እርሱ ጥቂት ልንጽፍ ወደድን። እኛ ሐኪም አይደለንም፤ በፍርድ ቤት መዝገብ ስንጽፍ የምንውል ነን። ነገር ግን ሕመሙ በራሳችን ላይ ደርሶ አምስት ወር ያህል ስላሠቃየንና ከሕመሙም ይልቅ ክልከላው ስለ ጎዳን፤ ያየነውን ከሐኪም ከተማርነውና ከመጻሕፍት ካገኘነው ጋር አስማምተን እናቀርባለን።

የምንኖረው በጭሮ ነው፤ ይህችም ከተማ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ጨርጨርን ሲያስተዳድሩ የቆረቆሯትና ብዙ ዘመን አሰበ ተፈሪ ስትባል የኖረች ናት። በዚህ አገር፤ በሂርናም ቢሆን በበዴሳ ወይም በገለምሶ፤ ቡናውም ጫቱም ከደጅ ስለሚገኝ፤ በጽሕፈት ሥራ የሚውል ሰው ቀኑን የሚያሳልፈው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ጧት ባዶ ሆዱን ቡና ይጠጣል፤ ረፋድ ላይ ይደግማል፤ ምሳውን በርበሬ በበዛበት ወጥ ቸኩሎ ይበላል፤ ከቀትር በኋላ ጫት ይዞ ይቀመጣል። ጫትም የመብልን ፍላጎት የሚዘጋና ሆድን የሚያደርቅ ስለ ሆነ እራቱ ሰዓቱን ያልፋል፤ እኩለ ሌሊት ሲቃረብ አንድ ጊዜ አብዝቶ ይበላና ወዲያው ይተኛል። እኛም ከዚህ ሥርዓት አንዲት አላጎደልንም።

ከዕለታት አንድ ቀን ሌሊት ከእንብርታችን በላይ እንደ ፍም የሚያቃጥል ነገር ቀሰቀሰን። በማግሥቱ ለባልንጀሮቻችን ብንነግራቸው መድኃኒቱን የማያውቅ አንድም አልነበረም። አንዱ ሽሮ ተዉ አለን፤ ሁለተኛው እንቁላል፤ ሦስተኛው ሆድ ይነፋል ብሎ ሙዝን ከለከለን። አንድ ሌላ ሰው ደግሞ ሃያ ሰባት የተከለከሉ ምግቦች የተጻፉበት ወረቀት ገልብጦ ሰጠን፤ የተፈቀደው ግን በወረቀቱ ላይ አልነበረም። በመጨረሻም በአሜሪካ የሚኖር ዘመዳችን፤ እዚያ ብዙ ሰዎች ዳንበት የሚሉት ሥርዓት አለና ጤፍም ማሽላም ስንዴም በቆሎም፤ ድንችም ጭምር፤ ከእንግዲህ ወደ አፍዎ እንዳይገቡ ብሎ በስልክ መከረን። ይህን የሰማችው የቤታችን እመቤት፤ «እንግዲህ የቀረልዎ ውኃ ብቻ ነው፤ እርሱንም የሚከለክል ሰው እስኪመጣ ይጠጡት» አለችን።

እኛ ግን ፈርተን ነበርና ሁሉን ታዘዝን። ወተትና ጥቂት የተቀቀለ ካሮት እየቀመስን ብንቆይ ቃጠሎው አልተወንም፤ ሥጋችን ግን ተወን። በመታጠቂያችን ላይ ሦስት አዲስ ቀዳዳ ተበሳ። ከሁሉም የከፋው የአእምሯችን መድከም ነበር፤ አንድ ቀን በውሳኔ ግልባጭ ላይ የከሳሹን ስም በተከሳሹ ስፍራ፤ የተከሳሹንም በከሳሹ ስፍራ ጻፍን። ዳኛው ከመፈረማቸው በፊት ባያዩት ኖሮ ባለ ዕዳው ገንዘብ ተቀባይ ሊሆን ነበር። በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ሄድን።

ሐኪሙ በሚዛን ላይ አቁሞን ዐሥራ አንድ ኪሎ እንደ ቀነስን ባወቀ ጊዜ የጠየቀን ስለ ሽሮ አልነበረም። «ለሌላ ሕመም የሚውጡት መድኃኒት አለ?» አለን። ወገባችንን ስለሚያመን ዳይክሎፌናክ የሚባለውን ኪኒን እየገዛን እንደምንውጥ ነገርነው። ይህ ኪኒንና እንደ አስፕሪን፤ እንደ አይቡፕሮፌን ያሉት ዘመዶቹ የጨጓራን ግድግዳ የሚጠብቀውን ነገር እያሳሱ ቁስል የሚያመጡ መሆናቸውን ያን ጊዜ ተማርን። ቀጥሎም ሰገራችንን አስመርምሮ በጨጓራ ውስጥ የሚኖር ተሕዋስ አገኘብን። የፍርድ ቤት ሰው መሆናችንን ያውቅ ነበርና፤ «በሽሮ ላይ ያለ ምስክር ፈርደውበታል» ብሎ ሳቀ።

የተሕዋሱ ስም ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ይባላል። ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል የተባሉ ሁለት የአውስትራልያ ሐኪሞች በፐርዝ ከተማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1982 ለይተው አወጡት። ከዚያ በፊት የጨጓራ ቁስል ከሐሳብ ብዛት፤ ከአሲድና ከቅመም ብቻ ይመጣል ይባል ስለ ነበር የሚያምናቸው ሰው ጥቂት ነበር። ማርሻልም በ1984 ተሕዋሱ ያለበትን ውኃ ራሱ ጠጥቶ ጨጓራውን ታመመ። በ2005 ሁለቱ የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ። ሕክምናው ተሕዋስ የሚገድሉ ሁለት መድኃኒቶችን አሲድ ከሚቀንስ ሌላ መድኃኒት ጋር፤ ብዙውን ጊዜ ለዐሥራ አራት ቀን፤ መዋጥ ነው፤ ተሻለኝ ብሎ በመካከል ማቋረጥ ግን ተሕዋሱ መድኃኒቱን እንዲለምደው ያደርጋል። እንግዲህ መብልን መምረጥ ቃጠሎውን ያበርዳል፤ ቁስሉ እስኪድንም ሰውን በብርታት ያቆያል እንጂ ተሕዋሱን አይገድልም።

ሐኪሞችም ራሳቸው በዚህ ነገር ተሳስተው ያውቃሉ። በ1915 በቺካጎ ሲፒ የተባለ ሐኪም ቁስለኞቹን በየሰዓቱ ወተትና ስልባቦት እያጠጣ የሚያኖር ሥርዓት አወጣ፤ በብዙ አገርም ለረጅም ዘመን ተሠራበት። ኋላ ግን ወተት ለጊዜው ቢያበርድም ጨጓራን ይልቁን አሲድ እንዲያፈልቅ የሚያነሣሣው መሆኑ ታወቀ፤ እኛም ወተት እየጠጣን ሌሊቱን የምንነቃው ለምን እንደ ሆነ ተገለጠልን። ጨጓራው የደማ ሰው ደግሞ ለብዙ ቀን ከመብል እንዲከለከል ይደረግ ነበር። በ1930ዎቹ ሞይለንግራኽት የተባለ የኮፐንሃገን ሐኪም ግን እንዲህ ያሉትን ሕመምተኞች ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ በደቀቀና በለሰለሰ መብል እስኪጠግቡ መገባቸው፤ የሞተበትም ሰው ቀድሞ በረሀብ ይታከሙ ከነበሩት ያነሰ ሆነ።

ዘመዳችን የነገረን፤ እህልን ሁሉ የሚከለክለው ሥርዓትም የራሱ ታሪክ አለው። በ1924 በኒው ዮርክ ሲድኒ ሃስ የተባለ የሕፃናት ሐኪም፤ ሲሊያክ በሚባል የአንጀት ሕመም የሚከሱትን ልጆች ሙዝ እየመገበ እህልን ቢከለክላቸው ብዙዎቹ አገገሙ፤ ሰውም የፈወሳቸው ሙዝ ነው አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፤ ከ1944 እስከ 1945 በሆነው የረሀብ ክረምት፤ በሆላንድ ዳቦ ሲጠፋ፤ ዲከ የተባለ ሐኪም ቀድሞም ይጠረጥረው የነበረውን ነገር አረጋገጠ፤ ሌላው ሰው ሲራብ እንደዚህ የታመሙት ልጆች ተሻላቸው፤ ዳቦ ሲመለስ ሕመማቸውም ተመለሰ። ጥፋተኛው በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ነገር ነበር፤ ሙዝ ግን ባልሠራው ሥራ ተመሰገነ። በማሽላ፤ በበቆሎና በጤፍ ውስጥ ግሉተን የለም። ይሁን እንጂ ከሃስ ሥርዓት የወጣውና ዛሬም በባሕር ማዶ ብዙ ተከታይ ያለው ክልከላ እነርሱንም አብሮ ያስቀራል። በ2021 በአሜሪካ ክሮን የሚባል የአንጀት ሕመም ባላቸው ሰዎች ላይ፤ ከሜዲትራንያን ባሕር አገሮች ቀለል ያለ አበላል ጋር ሲመዛዘን ብልጫ አልተገኘበትም። ለሐረርጌ ሰው ማሽላን መከልከል ገበታውን መከልከል ስለ ሆነ፤ ዘመዳችንን አመስግነን ወደ ማሽላችን ተመለስን።

ከዚህ በኋላ የቤታችን እመቤት ሃያ ሰባቱን የያዘውን ወረቀት ወደ ምድጃ ጣለችና የሚፈቀደውን ከጭሮ ገበያ ትፈልግ ጀመር። ከሁሉ አስቀድማ ነጩን ማሽላ መረጠች፤ ከቀዩ ዐይነት አንዳንዱ ታኒን የሚባል የሚያጣብቅ ነገር ስለሚበዛበት ለሆድ ይከብዳልና። ከእርሱም ቀጠን ያለ ገንፎ በጥቂት ቅቤ፤ በርበሬ ሳይነካው፤ ትሠራልን ነበር። የኮመጠጠ እንጀራ ሲያቃጥለን ብታይ ብዙ ሳይቦካ አፍለኛ ትጋግር ጀመር። ድንች፤ ስኳር ድንች፤ ዱባና ካሮት በእርድ አልጫ ይሆናሉ። የዶሮ መረቅ፤ የተቀቀለ እንቁላል፤ የበሰለ ሙዝና ፓፓያም ተጨመሩ። ተልባ ተቆልቶ ተወቅጦ በውኃ ሲበጠበጥ የሚያለሰልስ ስለ ሆነ በየጧቱ በቡና ፈንታ ጠጣነው። ሐረሪዎች ሁልበት የሚሉትን አብሽ ደግሞ ሌሊቱን ዘፍዝፋ፤ መራራውን ውኃ ደፍታ፤ ዐረፋ እስኪያወጣ መትታ ታቀርበው ነበር። ከሚኤሶ ቆላ የሚመጣው የግመል ወተት ይስማማው የነበረ ባልንጀራ አለን፤ እርሱም ቢሆን ሌላም ወተት ሳይፈላ ሊጠጣ አይገባም፤ ጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስ የሚባለውን በሽታ ያስተላልፋልና። ወተት የሚነፋው ሰው እርጎ ይቀለዋል።

መጠኑም እንደ ዐይነቱ ያስፈልጋል። በቀን ሁለት ጊዜ አብዝቶ ከመብላት አራት ወይም አምስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት መብላት፤ ከእራት በኋላም ሁለት ሦስት ሰዓት ሳይተኙ መቆየት ከብዙ ክልከላ ይልቅ ረዳን።

መድኃኒቱን ከፈጸምን በኋላ ሐኪሙ የተከለከለውን ሁሉ አንድ በአንድ እንድንመልሰው አዘዘን። እኛም እንደ ሙያችን መዝገብ ከፈትንለት፤ ለእያንዳንዱ ምግብ ሦስት ቀን ቀጠሮ ሰጥተን በቀትር ጥቂት እየበላን የሆነውን ጻፍን። ሽሮ በርበሬው ካነሰና በደንብ ከበሰለ ነጻ ወጣ፤ እንቁላልና ሙዝ ከመጀመሪያውም ጥፋት አልነበራቸውም። ጥሬ ሽንኩርት፤ ሎሚና ሚጥሚጣ ተፈረደባቸው። ጥሬ ሥጋን ሐኪሙ በሌላ ክስ፤ ይኸውም በኮሶ ትል፤ ከለከለን። ይህ ፍርድ በእኛ ሆድ ላይ እንጂ በአንባቢው ሆድ ላይ አይጸናም፤ ሁሉም የየራሱን መዝገብ ሊከፍት ይገባዋል።

ቡናን ከምሳ በኋላ አንድ ስኒ አደረግነው። ጫትን ግን ባዶ ሆድን ለብዙ ሰዓት የሚያቆይ ስለ ሆነ ፈጽመን ተውነው፤ በዚህ ከተማ ይህን ማድረግ ባልንጀራን ጭምር መተው ስለሚመስል ከመድኃኒቱ ይልቅ ይህ ከበደን። ጠጅና አረቄ ጨጓራን የሚልጡ ናቸው። ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ወይን እንዲጠጣ መክሮታል እያሉ የሚከራከሩን አሉ፤ ጥቂት ማለቱን ግን ይዘሉታል።

ስለ ጾም የሚጨነቁ ቤተ ሰቦች ብዙ ናቸው። ፍትሐ ነገሥት ለድውይ ያዝንለታል፤ ከንስሐ አባት ጋር መመካከር ነው። በእስልምናም የታመመ ሰው የረመዳንን ጾም ወደ ሌላ ጊዜ እንዲያሻግር ተፈቅዶለታል። አልጫውም ገንፎውም ያለ ቅቤ የጾም መብል ስለሚሆኑ ሕመሙ የቀለለለት ሰው ሁለቱን ማስማማት ይችላል።

ነገር ግን ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ፤ ደም ያስመለሰው፤ መዋጥ ያቃተው ወይም ያለ ምክንያት የሚከሳ ሰው ገንፎና ተልባ እየመረጠ ቀን ሊያሳልፍ አይገባም። በጭሮም በገለምሶም ሆስፒታል አለና ሳይውል ሳያድር ይሂድ።

እኛ ዛሬ ከዐሥራ አንዱ ኪሎ ስምንቱ ተመልሶልናል፤ በውሳኔ ግልባጭም ላይ ከሳሽና ተከሳሽ በየስፍራቸው ይገኛሉ። የቤታችን እመቤት ባለፈው እሑድ በሽሮው ላይ ግማሽ ቃሪያ ከትፋ ብታቀርብልን ሌሊቱን በሰላም አደርን፤ ይሁን እንጂ አንድ ምስክር ብቻ ስለ ሆነ መዝገቡ ለሚመጣው እሑድ ተቀጥሯል።