በ«በግ ከተማ» የገበያ ቀን እንዴት ይዋላል?

በሰሜን እንግሊዝ፣ በዮርክሻየር ኮረብታዎች ግርጌ የምትገኘው ስኪፕተን ስሟን ያገኘችው ከሸቀጧ ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ የስሟ ትርጉም «የበግ ከተማ» ማለት ነው። ንጉሥ ጆን በ1204 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በየሳምንቱ ገበያ እንዲቆምባት ፈቃድ ከሰጣት ወዲህ ከተማዋና ንግድ ተለያይተው አያውቁም።

የነዋሪዎቿ ቁጥር 15 ሺህ ገደማ ብቻ ነው። በእንግሊዝ ሱፐርማርኬቱና በኢንተርኔት የሚካሄደው ሽያጭ የአያሌ ትናንሽ ከተሞችን ገበያ አዳክሟል። ስኪፕተን ግን ዛሬም በሳምንት አራት ቀን መደቧን ትዘረጋለች። ሰንደይ ታይምስ የተባለው ጋዜጣ በ2014 በብሪታንያ ለመኖር ከሁሉ የተሻለች ቦታ ብሎ መርጧታል። ወደዚያ ብቅ የሚል ነጋዴ ከጉብኝቱ ሌላ የሚያተርፈው ነገር አለ። ገበያን ምን እንደሚያቆመውና ምን እንደሚጥለው በአንዲት ጎዳና ላይ ቆሞ መመልከት ይችላል።

ቀኑን መምረጥ

ከለንደን ኪንግስ ክሮስ ጣቢያ እስከ ሊድስ በባቡር ሁለት ሰዓት ተሩብ ያህል ይፈጃል። ከሊድስ ስኪፕተን ደግሞ ሦስት ሩብ ሰዓት ገደማ ነው። ከጣቢያው መሀል ከተማ በእግር የሚደረስበት በመሆኑ ታክሲ አያስፈልግም።

ዋናው ቁም ነገር ቀኑን አለመሳት ነው። ገበያው የሚቆመው ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብና ቅዳሜ ሲሆን፣ በሌሎቹ ቀናት የሄደ እንግዳ የሚያገኘው ሰፊና ጸጥ ያለ ጎዳና ነው። አራቱም ቀናት ግን አንድ አይደሉም። ቅዳሜ ከየአካባቢው የሚመጣው ጎብኚ ስለሚበዛ ግፊያ አለ። የአገሬውን ሰው ከሻጩ ጋር ሲጫወት ማየት የሚፈልግ ሰኞን ወይም ረቡዕን ቢመርጥ ይሻለዋል።

መደቦቹ የሚዘረጉት በዋናው ጎዳና ግራና ቀኝ፣ በጥርብ ድንጋይ በተነጠፈው ወለል ላይ ነው። ከኋላቸው ሱቆች ተደርድረዋል። የሱቁ ነጋዴ የኪራዩን ወጪ፣ የመደቡ ነጋዴ ብርዱንና ዝናቡን ችለው በአንድ ጎዳና ላይ አንዱ ለሌላው ገበያተኛ ይስባሉ። ጎዳናው ሽቅብ ሲወጣ ከጥንታዊው የቅድስት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያንና ከግንቡ በር ላይ ያበቃል።

ቀምሶ መግዛት

የእኛ ሀገር ሸማች የለመደው የዋጋ ክርክር እዚያ እምብዛም የለም። ዋጋው በካርቶን ተጽፎ ተለጥፏል። ለመከራከር የሚሞክር ሰው ፈገግታ እንጂ ቅናሽ አያገኝም። ይሁን እንጂ አትክልትና ፍራፍሬ የመሰለው ሳይሸጥ ቢያድር የሚበላሽ ሸቀጥ ወደ መዝጊያው ሲቃረብ ዋጋው ዝቅ ስለሚል፣ አገሬው ይህን አውቆ ዘግየት ብሎ ይወጣል።

ፎርማጆ ሻጩ ዘንድ ሲደርሱ ግን መቸኮል አያስፈልግም። ቆርሶ ያቀምሳል። የአካባቢው ስመ ጥር ፎርማጆ ዌንስሊዴል ሲሆን፣ ፈካ ያለ ቀለም ያለውና ሲነካ የሚፈረፈር ነው። የዚህ ፎርማጆ ታሪክ ለባለሀብቶች ጆሮ የሚስብ ነው። ከስኪፕተን በስተሰሜን በሐውስ ከተማ የሚገኘውን ፋብሪካ ባለቤት የነበረው ትልቅ ኩባንያ በ1992 ዘጋው። ምርቱም ወደ ጎረቤቱ ላንካሻየር ክፍለ ሀገር እንዲዛወር ተወሰነ። የቀድሞዎቹ ሥራ አስኪያጆች ከአካባቢው ነጋዴ ጋር ተባብረው በወራት ውስጥ ፋብሪካውን ገዝተው ከፈቱት። በ2013 ደግሞ «ዮርክሻየር ዌንስሊዴል» የሚለው ስም በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የጥበቃ መብት አገኘ። ከዚያ ወዲህ በስሙ መነገድ የሚችለው በአካባቢው የተሠራው ብቻ ሆኗል። ዕቃው ያንኑ ቢመስልም የትውልድ ቦታው ስም ራሱ ሀብት መሆኑን ቡና ላኪዎቻችን ያውቁታል።

በጊኒ የሚሸጥ ውሻ

በጉና ከብቱ ዛሬ በዋናው ጎዳና ላይ አይሸጥም። የሐራጁ ግቢ ከከተማው ወጣ ብሎ በጋርግሬቭ መንገድ ላይ ይገኛል። ለመግዛት ባይፈልጉም ገብቶ መመልከት የከተማዋ ትልቁ ትርኢት ነው። እንስሳቱ በክብ አጥር ውስጥ ይዞራሉ፤ ገበሬዎቹ ዙሪያውን ይቆማሉ፤ ሐራጅ ባዩ ትንፋሽ ሳይወስድ ዋጋ ይጠራል። ገዢው የሚጫረተው አንገቱን ነቅነቅ ወይም ጣቱን ብድግ አድርጎ ነው። ስለዚህ እንግዳ ሰው እጁን ሰብስቦ ቢቆም ይመከራል።

ግቢው በዓለም የታወቀው በበግ ጠባቂ ውሾች ሐራጅ ነው። በ2016 ካፕ የተባለ ውሻ በ14,100 ጊኒ ተሸጦ በጊዜው የዓለም ክብረ ወሰን ሆኖ ነበር። በ2020 ደግሞ ሜጋን የተባለች ውሻ 18,000 ጊኒ አውጥታ ያንን በለጠች። ገዢው ለውሻ ይህን ያህል የሚከፍለው ለቅንጦት አይደለም። የሠለጠነ ውሻ በተራራ ላይ የብዙ እረኞችን ሥራ ስለሚሠራ ነው።

«ጊኒ» የሚለው የዋጋ መለኪያ ለእንግዳ ግር ይላል። ጊኒ ከ1663 ጀምሮ ከምዕራብ አፍሪካ፣ ከጊኒ ጠረፍ በመጣ ወርቅ የተሠራ የእንግሊዝ ሳንቲም ነበር። ከ1814 በኋላ አልተሠራም። ሆኖም በከብትና በፈረስ ሐራጅ ላይ እስከ ዛሬ ይጠራል። አንድ ጊኒ ማለት 1 ፓውንድ ከ5 ፔኒ ነው። እናም ካፕ የተሸጠው በ14,805፣ ሜጋን በ18,900 ፓውንድ መሆኑ ነው። በጥንቱ ልማድ ፓውንዱ የሻጩ፣ ትርፏ የሐራጅ ባዩ ድርሻ እንደነበረች ይነገራል። በጊኒ መጫረቱን ረስቶ በፓውንድ ያሰበ ገዢ ሂሳቡ ሲመጣለት በየመቶው አምስት ይጨምራል።

ግንቡና ቦዩ

በጎዳናው ጫፍ ላይ ያለው ግንብ የተቆረቆረው ከ900 ዓመት በፊት ነው። በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን ለሦስት ዓመታት ተከቦ በታኅሣሥ 1645 እጁን ሰጠ። የመድፉን ኃይል ለማብረድ ተከላካዮቹ የበግ ለምድ በግንቡ ላይ ይሰቅሉ ነበር የሚል አፈ ታሪክ አለ።

ግንቡን ያሳደሰችው በ1590 በዚያው የተወለደችው እመቤት አን ክሊፈርድ ናት። አባቷ በ1605 ሲሞት ርስቱን ለወንድሙ በመናዘዙ፣ ይህች ሴት በፍርድ ቤትና በንጉሡ ፊት ሳይቀር ስትሟገት ኖራ ርስቱ በእጇ የገባው በ1643 ነበር። ከሠላሳ ዓመት በላይ የፈጀ የውርስ ክርክር መሆኑ ነው። በ1659 በግቢው መካከል እንዳስተከለችው የሚነገርለት ዛፍ ዛሬም አለ። ጎብኚው ከሥሩ ማረፍ ይችላል።

ከግንቡ ጀርባ ደግሞ ጠባብ የውሃ ቦይ ይፈስሳል። በአንድ ወቅት ከግንቡ በስተኋላ በጀልባ የሚጫነው የኖራ ድንጋይ የሚጓጓዝበት ነበር። ይህ ቅርንጫፍ የሚገናኘው ከሊድስ እስከ ሊቨርፑል 204 ኪሎ ሜትር ከሚዘልቀው ታላቅ ቦይ ጋር ነው። ከስኪፕተን እስከ ቢንግሊ ያለው ክፍል በ1773 ተከፈተ፤ ጠቅላላው ያለቀው በ1816 ነው። የድንጋይ ከሰል፣ ሱፍና ኖራ ይመላለስበት የነበረው ውሃ አሁን የመዝናኛ ጀልባ ይሄድበታል። ጭነቱ ቢቀርም ቦዩ አሁንም ገቢ ያስገኛል።

ሦስት መቶ ፓውንዱ

ስኪፕተን ለዓለም ንግድ ያበረከተችው ሰው ቶማስ ስፔንሰር ነው። በ1851 በከተማዋ ተወለደ። በሊድስ ለአንድ ጅምላ ነጋዴ በገንዘብ ያዥነት ይሠራ ነበር። ከዚያው ጅምላ ነጋዴ 5 ፓውንድ ተበድሮ ንግድ የጀመረ ማይክል ማርክስ የተባለ ከምሥራቅ አውሮፓ የመጣ ስደተኛ በ1884 በሊድስ ገበያ መደብ ከፈተ። እንግሊዝኛው ደካማ ስለነበረ ዕቃውን ሁሉ በአንድ ፔኒ ሸጠ። ዋጋ መጠየቅም መመለስም አላስፈለገም።

ሥራው ሲሰፋ ማርክስ ጅምላ ነጋዴውን በሽርክና ግባ አለው። ሰውየው እንቢ ብሎ ገንዘብ ያዡን ጠቆመው። ስፔንሰር በ1894 በ300 ፓውንድ የንግዱን ግማሽ ገዛ። ማርክስና ስፔንሰር የተባለው የሱቆች ድርጅት የተወለደው እንዲህ ነው።

ሲሉ ሰምቶ ያልሄደው ማኅበር

ከከተማዋ ትላልቅ ቀጣሪዎች አንዱ የስኪፕተን የቤት ቁጠባና ብድር ማኅበር ነው። የተቋቋመው በ1853 ሲሆን ባለቤቶቹ አስቀማጮቹና ተበዳሪዎቹ ናቸው። ባለአክሲዮን የለውም።

በ1989 አቢ ናሽናል፣ በ1997 ደግሞ ሐሊፋክስና ኖርዘርን ሮክ ከማኅበርነት ወደ አክሲዮን ባንክነት ተለወጡ። አባላት ነፃ አክሲዮን ታደላቸው። በቦዩ ማዶ የነበረው ብራድፎርድ ኤንድ ቢንግሊም በ2000 ተከተለ። የስኪፕተኑ ማኅበር በነበረበት ቀረ። በ2007 አስቀማጮች በኖርዘርን ሮክ ደጃፍ ገንዘባቸውን ለማውጣት ተሰለፉ፤ በ2008 መንግሥት ባንኩን ወረሰው። በዚያው ዓመት የብራድፎርድ ኤንድ ቢንግሊ ብድሮች በመንግሥት እጅ ገቡ። አስቀማጮቹም ለሌላ ባንክ ተላለፉ። ወደ ባንክነት ከተለወጡት መካከል ዛሬ ራሱን ችሎ የቆመ አንድም የለም። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» የሚለው ተረት የሚጠቀሰው ለእንዲህ ያለው ነው።

የስኪፕተኑ ማኅበርም ያለ እንከን አልነበረም። በ2010 የገበያው ሁኔታ የተለየ ነው በማለት ቃል ከገባው ጣሪያ አልፎ የብድር ወለዱን ከ3.5 ወደ 4.95 በመቶ በማሳደጉ ተበዳሪዎች አጉረምርመዋል። ማኅበሩን ካጸኑት ነገሮች አንዱ የደላላ ሥራ ነው። በ1996 ኮኔልስ የተባለውን የቤት አሻሻጭ ድርጅት ገዝቶ ነበር። ኮኔልስም በ2021 ካንትሪዋይድ የተባለውን ተፎካካሪውን ጠቅልሏል።

ከመውጣት በፊት

ለምሳ የተጠበሰ ዓሣና ድንች በየአቅጣጫው ይገኛል። አገሬው የሚኮራበት በሊጥ ተሸፍኖ የተጋገረ ሥጋ ከአሳማ የሚሠራ በመሆኑ፣ የማይበላ ሰው አስቀድሞ ይጠይቅ። ዝናብ መከላከያ መያዝም አይረሳ።

የከተማዋ ሰዎች ሥጋት በጎዳናዋ ውበት ላይ አይደለም። ውበቱ ራሱ የቤት ዋጋ እያስወደደ፣ የአካባቢው ወጣት ቤት መግዛት እያቃተው ነው። በመደብ የቆመው ነጋዴ ሲያረጅ ማን ይተካዋል የሚለው ጥያቄ በቱሪስት ብዛት አይመለስም። ቱሪስቱ ፎቶግራፍ አንስቶ ይሄዳል፤ መደቡን የሚያቆመው በየሳምንቱ ድንችና ዓሣ የሚገዛው ጎረቤት ነው። ስለዚህ ወደ ስኪፕተን የሚሄድ እንግዳ ቢያንስ አንድ ቁራጭ ፎርማጆ ገዝቶ ይመለስ። መደቡ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ገደማ ስለሚነሣ፣ ከዚያ በፊት።