ተራን መሸጥ፦ የሉዎል ዴንግ ነገር



ዕቁብ የገባ ሰው ይህን ያውቀዋል። ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ገንዘቡን ይቀበላል፤ አለዚያም ተራውን ለቸገረው ሰው በጥቅም ይለቃል። በአሜሪካ ትልቁ የቅርጫት ኳስ ውድድር፣ በኤን.ቢ.ኤ.፣ ክለቦች በየዓመቱ ወጣት ተጫዋቾችን የሚመርጡትም በተራ ነው። ደካማው እንዲጠናከር ታስቦ የፊተኛው ተራ ብዙ ለተሸነፉት ይሰጣል፤ በመካከላቸውም ዕጣ ይወጣል። ተራውን የማይፈልግ ክለብ ለሌላው ይለውጠዋል። ጥያቄው በምን ያህል ነው?

በ2004 (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) 7ኛው ተራ የፊኒክስ ክለብ ነበር። በዚህ ተራ የተመረጠው ዋው የተወለደው ሉዎል ዴንግ ነው። ቤተሰቡ በጦርነቱ ምክንያት ወደ ግብፅ ተሰደደ፤ እዚያም ረጅሙ ማኑት ቦል መካሪ ሆነው። በኋላ በለንደን ጥገኝነት አግኝተው ኖሩ።

ፊኒክስ ግን በዚያው ምሽት ዴንግን ለቺካጎ አስተላለፈው። በምትኩ በ31ኛ ተራ የተመረጠውን ጃክሰን ቭሮማንን፣ የቺካጎን የወደፊት አንድ የመጀመሪያ ዙር ተራና ጥሬ ገንዘብ ተቀበለ። (31ኛን አትናቁ፤ ማኑት ቦልም በ1985 የተመረጠው በ31ኛ ተራ ነው።)

ታዲያ ፊኒክስ ተሞኘ? አይመስለኝም። ክለቦች የደመወዝ ጣራ አለባቸው፤ የ7ኛው ተጫዋች ደመወዝም ከዚያው ላይ ይታሰባል። ፊኒክስ በዚያው ክረምት ስቲቭ ናሽን አስፈረመ። ከ82 ጨዋታ 29 ብቻ ያሸነፈው ክለብ በተከታዩ ዓመት 62 አሸነፈ፤ ናሽም የዓመቱ ኮከብ ተጫዋች ተባለ።

ብዙ ሰው የሚረሳው ሒሳብ ሌላ ነው። የተቀበላችሁት የወደፊት ተራ ዋጋው በሰጪው ድካም ላይ ይንጠለጠላል፤ ሰጪው ከበረታ ተራው ወደ ኋላ ይሸሻል። ቺካጎ 23 ጨዋታ ብቻ ያሸነፈ ክለብ ነበር። ዴንግና ሌሎች ወጣቶች ሲገቡለት 47 አሸነፈ፤ በ2005 ለፊኒክስ የደረሰው ተራም 21ኛ ሆነ። ፊኒክስ የሰጠው ልጅ ራሱ የተቀበለውን ተራ አረከሰበት ማለት ነው። በዚያ ተራ የተመረጠው ኔት ሮቢንሰን ወዲያው ከሌላ ተጫዋች ጋር ለኒው ዮርክ ተላልፎ ከርት ቶማስ መጣበት። ቭሮማንም ዓመት ሳይሞላው ከፊኒክስ ሄደ።

ዴንግ እስከ 2014 መጀመሪያ በቺካጎ ቆየ፤ በ2012ና በ2013 በኮከቦች ጨዋታ ተሰለፈ። በ2019 የደቡብ ሱዳን የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነ፤ ቡድኑም በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ ፖርቶ ሪኮን አሸነፈ።

ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል የቀረበ ጥያቄ፦ በፊኒክስ ቦታ ብትሆኑ ናሽን ሳታጡ ዴንግን ለማስቀረት ምን ትሸጡ ነበር? መልሳችሁን በግማሽ ገጽ ጽፋችሁ አምጡ። ወላጆችም ቢሞክሩት ደስ ይለናል።